ብረቱና ዳገቱ፦ ቲ-55 ታንክ ከጋሸና አፋፍ ሲታይ

የሀገራችን የጦርነት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሰዎች ስም ነው። እገሌ ዘመተ፣ እገሌ ማረከ፣ እገሌ ከዳ፣ እገሌ ሸሸ እያልን እንተርካለን። ለዛሬ ያቀረብሁት ግን የአንድ መኪና ታሪክ ነው። ይህ መኪና ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄዱት ዐበይት ጦርነቶቻችን ተሰልፏል፤ መንግሥትንም አማፂንም አገልግሏል፤ ጌታውን በለወጠ ቁጥር ባንዲራውን እንጂ ጠባዩን አልለወጠም። ይህ መኪና በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ቲ-55 ታንክ ነው።

እኔ ወታደር አይደለሁም። ይሁን እንጂ የሀገር ሀብት፣ የወጣት ዕድሜና የገበሬ ማሳ የበላን ነገር ለወታደሮች ብቻ ትቶ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። አንድ መሣሪያ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የማያውቅ ዜጋ፣ ጦርነት በታወጀ ቁጥር የሚነገረውን ሁሉ አምኖ ከመቀበል ሌላ ምርጫ አይኖረውም። ስለዚህ ይህን ታንክ ከፋብሪካው በር ሳይሆን ከዋለበት ቦታ ሆነን እንመርምረው እላለሁ። ለምርመራችን የመረጥሁት ቦታ ጋሸና ነው።

ጋሸና፦ የአራት መንገዶች ማሠሪያ

ከወልድያ ተነሥቶ ሳንቃንና ድልብን አልፎ ወደ ደጋው የሚወጣው፣ በደብረ ዘቢጥና በንፋስ መውጫ አድርጎ ደብረ ታቦርን ካለፈ በኋላ ወረታ ላይ የሚያርፈው መንገድ በሕዝቡ ዘንድ «የቻይና መንገድ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከሠሪዎቹ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ዕርዳታ ተጀምሮ፣ በደርግ ዘመን የተጠናቀቀ መንገድ ነው። ጋሸና በዚህ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ወደ ምሥራቅ ወልድያ፣ ወደ ምዕራብ ደብረ ታቦር፣ ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ላሊበላ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በዋድላና በደላንታ በኩል ደሴ ይገኛሉ።

ለመንገደኛ ጋሸና ምሳ የሚበላባት፣ ወደ ላሊበላ የሚገነጠልባት ቦታ ናት። ለጦር ሰው ግን ሌላ ነገር ናት። ጋሸናን የያዘ ጎንደርን ከወሎ ይለያል፣ ላሊበላን ይዘጋል፣ ደሴን ከጀርባ ያሰጋል። ወታደሮች «ገዢ መሬት» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከባድ ብረት በዚህ ደጋ ላይ ሲንፏቀቅ ቲ-55 የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትንና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። በዘቢጥና በቤተ ሖር አልፈው፣ የጅዳን ገደል ወርደውና ደላንታን ተሻግረው መቅደላ እስኪደርሱ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ ነው የተጓዙት። ከሰሜን የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ሲደርስ ንጉሡ በላባቸው በከፈቱት በዚያው መንገድ ተጠቅሞ ተከተላቸው። በሚያዝያ 1860 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሴባስቶፖል ለጦርነቱ ውጤት ያመጣው ለውጥ አልነበረም፤ መንገዱ ግን ጠላትን አሳለፈ። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስባታለንና።

የብረቱ ልደት

ሶቪየቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጡት ቲ-34 በተባለው ታንካቸው ተመክተው ነበር። ሆኖም የጀርመን ታንኮችን ወፍራም ብረት ያየ መሐንዲስ በቲ-34 ረክቶ ሊቀመጥ አይችልም። ጦርነቱ እንዳበቃ በአሌክሳንደር ሞሮዞቭ የሚመራው የንድፍ ቡድን ቲ-54ን አወጣ። ይህ ታንክ ብዙ ማሻሻያ ከተደረገለት በኋላ፣ በሊዮኒድ ካርትሴቭ የሚመራው የኒዥኒ ታጊል ንድፍ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1958 ለጦሩ ያስረከበው ታናሽ ወንድሙ ቲ-55 ተባለ። ቲ-54ና ቲ-55 በሶቪየት፣ በፖላንድና በቼኮዝሎቫኪያ ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም ቻይና «ዓይነት 59» ብላ በሠራችው ቅጂ ተደምረው ከ80 ሺህ በላይ እንደተመረቱ ይገመታል። በዓለም ታሪክ ይህን ያህል የተባዛ ታንክ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክብደቱ 36 ቶን፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር ያህል ሲሆን አራት ሰዎች ይይዛል፤ እነርሱም አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽና ሹፌር ናቸው። መድፉ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ 43 ጥይቶች ይሸከማል። የቀፎው የፊት ብረት ውፍረት 100 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ ኋላ በጣም ያዘነበለ ስለሆነ፣ ከፊት የሚመጣ ጥይት በተግባር የሚገጥመው ብረት የዚህን እጥፍ ያህል ነው። መድፉን ይዞ የሚዞረው ጉልላት ከፊቱ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ቅርጹም እንደተደፋ ድስት ክብ በመሆኑ ጥይት ያንሸራትታል። የቀፎው ጎን ግን 80 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የጉልላቱ ጣሪያ ደግሞ ከ30 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ሞተሩ ባለ 12 ሲሊንደር ናፍጣ ሆኖ 580 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በጥሩ መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ታንኩ እየሄደም ቢሆን መድፉ ዒላማውን እንዳይለቅ የሚያረጋጋ መሣሪያ ተገጥሞለታል።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን የታሰበለት ጦርነት ነው። ቲ-55 የኒውክሌር ቦምብ በፈነዳበት ሜዳ ላይ፣ የተመረዘውን አየር እያጣራ ሠራተኞቹን አሳልፎ እንዲሄድ የተሠራ ታንክ ነው። በጀርመንና በፖላንድ ለጥ ያለ ሜዳ በሺዎች ሆኖ ወደ ምዕራብ እንዲጎርፍ፣ ወንዝ ሲያጋጥመው ደግሞ የአየር ቱቦ ተተክሎለት እስከ አምስት ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ በመሬት እንዲሻገር ታስቦ ነበር። ቁመቱ ያጠረውም በሜዳ ላይ በቀላሉ እንዳይታይ ነው። ምዕራባውያንም ፈርተውት ነበር። እንግሊዞች 105 ሚሊ ሜትር የሆነውን ዝነኛ የታንክ መድፋቸውን የሠሩት የዚህን ታንክ ቤተሰብ ለመመከት ነው።

ያ የተፈራው ጦርነት ግን አልመጣም። ቲ-54ና ቲ-55 በሠሪዎቻቸው እጅ የገቡት ወደ ቡዳፔስት (1956 እ.ኤ.አ.) እና ወደ ፕራግ (1968 እ.ኤ.አ.) አደባባዮች ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1975 በሳይጎን የቤተ መንግሥቱን አጥር ጥሰው የገቡት የሰሜን ቬትናም ታንኮችም ቲ-54ና ቻይናዊ ቅጂው ነበሩ። ለታላቅ ሜዳ የተፈጠረ ብረት የቤተ መንግሥት በር መክፈቻ ሆነ ማለት ነው። ይህ ዕጣ ወደ እኛም ይመጣል።

ከትንንሾቹ ታንኮች ወደ ቲ-55

ኢትዮጵያውያን ታንክን በመጀመሪያ ያወቁት ከፊት ለፊቱ ቆመው ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽሬ በኩል፣ ደምበጉና ላይ፣ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጠመ። እነዚያ ታንኮች ሦስት ቶን የሚመዝኑ፣ ሁለት ሰው የሚይዙና መትረየስ ብቻ የታጠቁ ነበሩ፤ ጉልላት ስላልነበራቸው ወደ ጎንና ወደ ኋላ መተኮስ አይችሉም። አርበኞቹ ይህን በዓይናቸው አይተው ከጎንና ከኋላ እየዘለሉ ያዟቸው። መሣሪያን የሚያሸንፈው ድክመቱን ያወቀ ነው፤ ይህ ትምህርት ለእኛ አዲስ አይደለም።

ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ስምምነት መሠረት አሜሪካ ሠራሽ ታንኮች መጡ። በ1960ዎቹ መጨረሻም 105 ሚሊ ሜትር መድፍ ያለው ኤም-60 ተጨመረ። ታንክ በፖለቲካችን ውስጥም ተናገረ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በገዛ ቤታቸው በታንክ ተከበው ተገደሉ። የውጭ ጠላት ለመመከት የተገዛ ብረት የውስጥ ክርክር መቋጫ ሆነ።

ከዚያ ሶማሊያ መጣች። ዚያድ ባሬ በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ኦጋዴን ሲዘምት በሠራዊቱ ፊት የተሰለፉት ሶቪየት የሰጠችው ቲ-34፣ ቲ-54ና ቲ-55 ነበሩ፤ የእኛ ታንኮች ደግሞ አሜሪካዊ ነበሩ። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች። ወዲያውም የዓለም ፖለቲካ ተገለበጠና ሶቪየት ኅብረት ወዳጅ ለወጠች፤ ከኅዳር 1970 ጀምሮ በአየርና በባሕር የጎረፈው መሣሪያ ቲ-55ን ይዞልን መጣ። ከኩባ ወታደሮች ጋር ተሰልፎ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች። የካራማራ ድል የምንለው ይህንን ነው።

በእውነት ለመናገር፣ ታንኩ በኦጋዴን ሥራውን ሠርቷል። ለምን? መሬቱ መሬቱ ስለሆነ ነዋ! ሜዳው ሰፊ፣ ዓይን ሩቅ የሚያይበት፣ ሰንሰለት እንደልብ የሚሽከረከርበት ነው። ጠላትም ድንበር ጥሶ የገባ፣ እርሱም ታንክ ይዞ ሜዳ ላይ የተሰለፈ ጦር ነበር። ቲ-55 ለተፈጠረበት ጦርነት የሚመስል ነገር በሀገራችን ያገኘው ያኔ ነው። ስሕተቱ የመጣው ከድሉ በኋላ፣ የካራማራን መልስ በሰሜን ተራሮች ላይ ለመድገም ሲታሰብ ነው።

ከአምስት በታች፣ ከአሥራ ስምንት በላይ

አሁን ወደ ጋሸና እንመለስ። ከወልድያ ተነሥቶ ጋሸና የሚደርስ ታንክ ከመቶ ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ይጓዛል፤ ከዚህ የሚበዛው ዳገት ነው። ቲ-55 በደህና መንገድ በመቶ ኪሎ ሜትር ወደ 200 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል፤ ዳገት ላይ ከዚህ በላይ። እያንዳንዱ ታንክ ከኋላው የነዳጅ፣ የጥይትና የጥገና መኪና ይፈልጋል ማለት ነው። እነዚያ መኪናዎች ብረት ለበስ አይደሉም፤ ከመንገድም አይወጡም። ታንክን መምታት የማይችል ተዋጊ ቦቴውን መምታት ይችላል።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የቲ-55 ሞተር አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ የለውም፤ ያገኘውን አየር ብቻ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ 580 የነበረው የፈረስ ጉልበት ደጋው ላይ ሲደርስ በግምት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለአንድ ቶን 16 ፈረስ ይደርስ የነበረው ወደ 12 ይወርዳል። ዳገቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህ ለማንኛውም ተዋጊ ክፉ ሒሳብ ነው። አጉራሹም ሰው ነው፤ 30 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን ጥይት በጠባቡ ጉልላት ውስጥ ጎንበስ ብሎ እያነሣ በዚያው ስስ አየር ይተነፍሳል።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ዲግሪው ነው። የታንኩን ቁመት ለማሳጠር ሲባል ጉልላቱ ዝቅተኛ ሆኖ ተሠራ። ጣሪያው ዝቅ ስላለ የመድፉ ቂጥ ወደ ላይ የሚነሣበት ቦታ አጣ፤ ቂጡ ካልተነሣ ደግሞ አፉ ዝቅ አይልም። በዚህ የተነሣ የቲ-55 መድፍ ከአግድም መስመር በታች ዝቅ ማለት የሚችለው 5 ዲግሪ ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚነሣው ደግሞ 18 ዲግሪ ነው። አሜሪካዊው ኤም-60 ረጅምና ጎልቶ የሚታይ ቢሆንም 10 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ሜዳ ላይ ለሚዋጋ ሰው ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። አፋፍ ላይ ለሚዋጋ ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

እስቲ እናስላው። ታንኩ ከአፋፉ ላይ ቆሟል እንበል። ተዋጊው ከታች፣ በአግድም 500 ሜትር ርቆ፣ ከታንኩ 100 ሜትር ዝቅ ብሎ እየወጣ ነው። መድፉ እርሱን ለማግኘት ከ11 ዲግሪ በላይ ማጎንበስ አለበት፤ አይችልም። ታንኩ በተቃራኒው ሸለቆ ውስጥ በመንገዱ ላይ ነው እንበል። ተዋጊው በ600 ሜትር ርቀት፣ 300 ሜትር ከፍ ብሎ ተራራው ላይ አድፍጧል። መድፉ 26 ዲግሪ መነሣት አለበት፤ ይህንንም አይችልም። ታንከኞች ይህን ችግር ስለሚያውቁ ጉድጓድ እየቆፈሩ የኋላውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት ያስደፋሉ። ነገር ግን የተቆፈረለት ታንክ ታንክነቱ ቀርቶ መድፍ ሆኗል፤ የተደፋ ታንክ ደግሞ ያን ስስ ጣሪያውን ለተራራው አሳይቷል።

እንግዲህ ይህ ታንክ ዓለምን የሚያየው በ23 ዲግሪ መስኮት ነው። ላስታ፣ ዋድላና መቄት ከዚያ መስኮት ብዙ ያልፋሉ። ከላይ ሆኖ የሚጠብቀው ተዋጊ ደግሞ ሰባት ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አርፒጂ-7 ትከሻው ላይ አድርጓል። የዚያ መሣሪያ ተራው ጥይት የቲ-55ን የጎን ብረት እንደ ልቡ ይበሳል። በ300 ሜትር ውስጥ መቅረብ ብቻ ይፈልጋል፤ ቋጥኝና ቁጥቋጦ በሞላበት ሀገር መቅረብ ደግሞ ከባድ አይደለም።

ማራኪና ተማራኪ

ይህን እውነት የደርግ መንግሥት በብዙ ደም ተማረው፤ ወይም ሳይማረው ወደቀ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍዓበት ላይ የናደው ዕዝ ሲፈርስ፣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው የታንክና የመኪና ሰልፍ በጠባብ ማለፊያ ውስጥ ተቆለፈ። ፊተኛው ሲመታ ኋለኛው መውጫ አጣ። በመጨረሻም ታንኮቹ በጠላት እጅ እንዳይገቡ የራሱ አየር ኃይል ደበደባቸው። እንዲያም ሆኖ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ታንኮች ሻዕቢያ እጅ እንደገቡ በጊዜው ተነግሯል። በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ሲደመሰስ ታሪኩ በትግራይ ተደገመ። ከዚያ ወዲህ ሕወሓት የሚዋጋው በክላሽንኮቭ ብቻ አልነበረም።

በ1982 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከትግራይ ወርዶ ወሎና ደቡብ ጎንደር ሲገባ የቻይናው መንገድ የጦርነቱ አከርካሪ ሆነ። በየካቲት 1983 የተከፈተው ዘመቻ ስሙ እንኳ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጎንደርንና ጎጃምን ጠቀለለ። በግንቦት ወር ደሴና ኮምቦልቻ ወደቁ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተንጋጉት ታንኮች ከየትም ሀገር የተገዙ አልነበሩም፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ያስመጧቸው፣ ኢትዮጵያ ዕዳ የገባችባቸው፣ በየግንባሩ የተማረኩ ታንኮች ነበሩ። የሳይጎን ታሪክ በእኛም ደረሰ።

ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይላሉ አባቶች። ደርግ የታንክ ብዛቱን በጨመረ ቁጥር የጨመረው የራሱን ኃይል ብቻ ሳይሆን የባላንጣውንም የወደፊት ኃይል ነበር። ታንክ ሃይማኖት የለውም፤ ነዳጅ ለሞላለት ሁሉ ይሄዳል። የቴዎድሮስ መንገድ ናፒየርን እንዳሳለፈ፣ የደርግም ብረት ጠላቱን ተሸክሞ አራት ኪሎ አደረሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልሻም። በእነዚያ ታንኮች ውስጥ የተቃጠሉት አራት አራት ወጣቶች ሐውልት የላቸውም። ያሸነፈው ወገን ለራሱ ሰማዕታት ሐውልት አቆመ፤ ይህ ከአሸናፊ የሚጠበቅ ነው። ተሸናፊው ታንከኛ ግን የከፋ አበሳ ገጠመው፦ በሀገር ስም ዘምቶ ሲመለስ «የደርግ ወታደር» ተብሎ ተበተነ። በሰሜን መንገዶች ዳር የዛገ ታንክ ማየት ብርቅ አይደለም፤ አስመራ ውስጥ ደግሞ እንደ ተራራ የተቆለለ የብረት መቃብር አለ። ቱሪስት ፎቶ ይነሣበታል። ውስጡ የነበረው ልጅ የማን ልጅ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

ጋሸና እንደገና

ከኤርትራ ጋር በተደረገው የ1990–1992 ጦርነት ቲ-55 በሁለቱም ወገን ተሰለፈ። ወንድም ከወንድሙ፣ ታንክም ከመንትያው ጋር ተታኮሰ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከ200 በላይ ቲ-72 ታንኮች ከዩክሬን ለመግዛት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ማሠሩ ተሰማ። ቲ-72 የቲ-55 የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። መድፉ 125 ሚሊ ሜትር፣ የመጀመሪያው ሥሪት ክብደት 41 ቶን፣ ሞተሩ 780 የፈረስ ጉልበት ሆኖ አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ በከፍታ ላይ ከቲ-55 ይሻላል። አጉራሹን በማሽን ስለተካ የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። ዝቅ የማለት ችሎታውስ? 6 ዲግሪ! በታንክ ንድፍ ውስጥ ብዙ ዓመታት አልፈው ለጋሸና አፋፍ የተጨመረላት አንድ ዲግሪ ብቻ ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ከባድ መሣሪያው ሁለቱም ወገን እጅ ነበር። በሐምሌ 2013 መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ «የጋሸና ግንባር» የሚለው ቃልም በየዜናው መሰማት ጀመረ። ያች ምሳ የሚበላባት ከተማ ለወራት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ስትሰማ ከረመች። ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. የመንግሥት ጦር ጋሸናንና ላሊበላን መልሶ መያዙን አስታወቀ፤ ላሊበላ በታኅሣሥ ወር እንደገና ሁለት ጊዜ እጅ ለወጠች። በሰሜን ወሎ ሲቪሎች ተገድለዋል፤ ተፈናቅለዋል፤ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ወድሟል። አዝመራው መሬት ላይ ቀርቷል።

በዚያ ጦርነት አዲስ እንግዳ መጥቶ ነበር፦ ድሮን። ኢትዮጵያ ከታጠቀቻቸው አንዱ የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ-2 የሚጥለው ትንሽ ቦምብ 22 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህም የቲ-55 አጉራሽ ከሚያነሣው ከአንድ ጥይት ያነሰ ክብደት መሆኑ ነው። የሚመታው ግን ያን 30 ሚሊ ሜትር ጣሪያ ነው። ቀድሞ ታንኩን ከላይ ለማየት ተራራ መውጣት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ሰማዩ ራሱ ተራራ ሆነ። መድፉ ወደ ላይ 18 ዲግሪ ቢነሣ ለድሮን ምኑ ነው?

አንዳንዶች «እንግዲያው የታንክ ዘመን አብቅቷል» ይላሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ሩሲያ በዩክሬኑ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2023 ያረጁ ቲ-54ና ቲ-55 ታንኮችን ከመጋዘን አውጥታ እንደ መድፍ ተጠቅማባቸዋለች። ዳር ድንበሩን ለመከላከል የሚያስብ ሀገርም ታንክ አያስፈልገውም ማለት የዋህነት ነው። ኦጋዴን አሁንም ሜዳ ነው። ክርክሬ ሌላ ነው፤ ታንክ ወራሪን ከሜዳ ላይ ሊያባርር ይችላል፤ የገዛ ሀገርህን ዳገት ግን አያሳምንልህም።

ከዚህ ምን እንያዝ?

በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት፣ በጥር 2015 አጉላዕ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ፊት ታንኮችና መድፎች ሲረከቡ አይተናል። እነዚያ ብረቶች በአንድ ሀገር ግምጃ ቤት ተገዝተው፣ በአንድ ሀገር ልጆች መካከል ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። በርክክቡ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ከዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተከፈተ፤ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ላሊበላ እንደገና የተኩስ ከተማ ሆነች። ብረቱ ተረከበ እንጂ በብረት የማመን ልማዳችን አልተረከበም።

እኔ ሦስት ነገሮች ይሠሩ ዘንድ እመኛለሁ። አንደኛ፣ ለመሣሪያ ግዢ ገንዘብ የሚያጸድቅ ምክር ቤት «ስንት ታንክ?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው መሬት ላይ፣ በማን ላይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በየመንገዱ ዳር የቀሩት ታንኮች ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከመሸጣቸው በፊት አንድ ሁለቱ ባሉበት ይጠበቁ፤ ከጎናቸውም የድል መፈክር ሳይሆን የታንኩ ዓመት፣ የተመታበት ቀንና የሠራተኞቹ ስም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በየመንደሩ ያሉት የቀድሞ ታንከኞች፣ የየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ ሳይሞቱ ይጠየቁ፤ ያዩት ይመዝገብ። የሠራዊቱን ሕይወት ከጄኔራሎች ማስታወሻ ብቻ የሚማር ትውልድ ጦርነትን ከማማ ላይ እንጂ ከጉልላቱ ውስጥ አያውቀውም።

ላሊበላ ከጋሸና 64 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። እዚያ አባቶቻችን በመሮና በመዶሻ ድንጋዩን ወደ ውስጥ እየፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት ሠሩ፤ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላም ሰው ይጸልይባቸዋል። እኛ በዚሁ ደጋ ላይ ያወጣነው ብረት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላው ዝጓል። ድንጋዩን ያወቁት ሰዎች ድንጋዩ ምን እንደሚፈቅድላቸው ጠይቀው ነበር የጀመሩት። ብረት ያስወጡት ግን ዳገቱን አልጠየቁትም፤ የዳገቱን ሰውም እንዲሁ። የጋሸና ገበሬ ግን መልሱን ያውቀው ነበር፤ ከመድፉ መስኮት ውጪ ስለሚኖር የሰማው አልነበረም እንጂ።

ቸር ይግጠመን።